ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ካውንቲያችን ላይ ምን ያመጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ሕጉን ያወጣው ኮንግረስ ነው አሉ። ታዲያ ካውንቲው ለምንድነው የሚጽፍልኝ?»

ይህን የጠየቀችኝ ጎረቤቴ ናት። ቡና ተፈልቶ፣ ፖስታውን ከነማሸጊያው ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣው ነበር። ሦስት ቀን ሳትከፍተው ቆይታለች። ፈርታ ነው።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ስለ ዋይት ሀውስ ስናወራ እንውላለን። ስለ ካውንቲ የሚያወራ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ለጎረቤትና ለዘመድ ደብዳቤ ሳነብ፣ ፎርም ስሞላ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ በታች ያሉት በዚያ መሀል ደጋግሜ የተጠየቅኳቸው ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ካውንቲ ማለት እንደ አገር ቤቱ ወረዳ ነው?

ለመነሻ ያህል እንደዚያ ብሎ ማሰብ አይከፋም። ለሰው ቅርብ የሆነው መንግሥት እሱ ነው። ስፋቱ ግን በጣም ይለያያል። በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች አሉ። ቴክሳስ ያለው ላቪንግ ካውንቲ በ2020 ቆጠራ 64 ነዋሪ ብቻ ነበረው። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ወደ 10 ሚሊዮን ሕዝብ አለው። ኮነቲከትና ሮድ አይላንድ ደግሞ የካውንቲ መንግሥት የሚባል ነገር የላቸውም።

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ራሱን የቻለ ከተማ አይደለም፤ የሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ቨርጂኒያ ነገሩ ይገለበጣል። አሌክሳንድሪያ ከተማ በየትኛውም ካውንቲ ሥር አይደለችም። ነገር ግን የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ቤቶች የሚገኙት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት በዚህ ምክንያት የተሳሳተ ቢሮ ሄደው፣ ግማሽ ቀን ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆኑ ይወቁ። የቤት ግብሩ ወይም የመኪና ታክሱ ወረቀት ላይ ተጽፏል።

የፌዴራል መንግሥት ካውንቲን ማዘዝ ይችላል?

እንደ አለቃ ማዘዝ አይችልም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ካውንቲን በስሙ እንኳ አያነሳውም። ካውንቲን የሚፈጥረው ስቴቱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥማ ስቴቱ በግልጽ ያልፈቀደለትን ነገር ካውንቲ ማድረግ አይችልም።

በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ጉዳይ አይቶ ነበር። የካውንቲ ሸሪፎች ናቸው የከሰሱት፤ አንዱ ከሞንታና፣ አንዱ ከአሪዞና። የፌዴራሉ ሕግ ሽጉጥ የሚገዛን ሰው ታሪክ እነሱ እንዲያጣሩ ያዝ ነበር። ፍርድ ቤቱ የፌዴራል መንግሥት የአካባቢ ሹሞችን ለራሱ ሥራ በግድ ሊያሰማራ አይችልም ብሎ ፈረደ።

ታዲያ እንዴት ነው ካውንቲው በኮንግረስ ቃል የሚሽከረከረው? በገንዘብ ነው። «ይህን ብር ከፈለግክ እንዲህ አድርግ» ይባላል። ብሩ ለምግብ ነው፣ ለሕክምና ነው፣ ለቤት ኪራይ ነው፣ ለአውቶቡስ ነው። እምቢ ማለት ለካውንቲው ከባድ ነው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ግዴታው መጥቶ ብሩ ሲቀር ነው። በ1995 ኮንግረስ ይህን ለመግታት ሕግ አውጥቷል፤ አዲስ ግዴታ ስቴቶችንና ካውንቲዎችን ስንት እንደሚያስወጣ አስቀድሞ እንዲሰላ ያዛል። ማስላቱ ጥሩ ነው። ክፍያውን ግን አላስቀረውም።

በ2025 የወጣው ትልቁ ሕግ የካውንቲውን በጀት እንዴት ይነካል?

ሕጉ የተፈረመው ጁላይ 4 ቀን 2025 ነው። ሰው ስለ ታክሱ ብዙ አወራ። ካውንቲዎች ግን ቶሎ ብለው ያነበቡት ስለ ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ስለሚሰጠው የምግብ እርዳታ፣ የሚለውን ክፍል ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ የጎረቤቴ ፖስታ ጉዳይም ይኸው ነው።

ፉድ ስታምፕ ሁለት ወጪ አለው። አንደኛው ካርዱ ላይ የሚገባው የምግብ ብር ነው። ሁለተኛው ሥራውን የማስኬጃ ወጪ ነው፤ የኬዝ ወርከሩ ደሞዝ፣ ኮምፒውተሩ፣ ስልኩ፣ ቢሮው። እስከ አሁን የምግቡን ብር የፌዴራል መንግሥት ሙሉ በሙሉ ይከፍል ነበር። የሥራ ማስኬጃውን ደግሞ ግማሹን ይችላል። በአዲሱ ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቱ የሚችለው ሩቡን ብቻ ነው። ሦስት አራተኛው ወደ ታች ወረደ።

ወደ ማን ወረደ? መጀመሪያ ወደ ስቴቱ። ነገር ግን በአሥር ስቴቶች ፉድ ስታምፕን የሚያስኬዱት ካውንቲዎች ናቸው። ቨርጂኒያ አንዷ ናት። ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶና ሚኒሶታም እንዲሁ፤ ሁሉም ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ናቸው። እዚያ ያለ ካውንቲ ሸክሙን ከስቴቱ ጋር ይካፈላል።

ሌላም አለ። ስቴቶች የምግቡን ብር ሲያከፋፍሉ የሚሠሩት ስህተት በየዓመቱ ይለካል። ለአንዱ በዝቶ፣ ለሌላው አንሶ የተከፈለ ሁሉ ይቆጠራል። ከኦክቶበር 2027 ጀምሮ ስህተቱ 6 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ስቴት ከምግቡ ብር ራሱ ከ5 እስከ 15 በመቶ ይከፍላል። ይህ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ነው።

አሁን ራስዎን በካውንቲው ኃላፊ ቦታ ያስቀምጡ። ዓምና ያሰቡት አዲስ የወጣቶች ማዕከል ነበር እንበል። ዘንድሮ ግን ፎርም የሚያጣራ ሰው መቅጠር ሊኖርብዎ ነው፤ ስህተት ሲበዛ ስቴቱን ያስቀጣልና። ማዕከሉ ይቆያል። ማንም ተሰብስቦ «ወጣቶች አይጠቅሙንም» አላለም። ከላይ የወረደው ሂሳብ ነው ቅደም ተከተሉን የለወጠው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ካውንቲው ተጨማሪ ሰው የሚቀጥረው የቸገረውን ለማግኘት ሳይሆን ፎርም ለመመርመር ይሆናል። እንግሊዝኛው ያልጠነከረ ሰው ደግሞ ምርመራ ሲበዛ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው።

ጥገኝነት አግኝቻለሁ፤ ግሪን ካርዴ ግን ገና ነው። ምን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ልቤ ይደማል። ቀድሞ ጥገኝነት ያገኘና በስደተኝነት የገባ ሰው ፉድ ስታምፕ ይፈቀድለት ነበር። በአዲሱ ሕግ ግሪን ካርድ እስኪያገኝ ድረስ አይፈቀድለትም። ሜዲኬይድም፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የሕክምና መድን፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በተመሳሳይ መንገድ ይጠብባል።

የሚያረጋጉ ነገሮችም አሉ። በጥገኝነት መጥቶ ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ለፉድ ስታምፕ እንደሌላው 5 ዓመት አይጠብቅም። እዚህ የተወለዱ ልጆችዎ ዜጋ ናቸው፤ የእነሱ ድርሻ አይቋረጥም። ስለዚህ «ለእኔ ቀረ» ብለው የቤቱን ፋይል እንዳይዘጉ። ለሕክምና ደግሞ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን የሚያካትቱበት አሠራር አላቸው። ጥገኝነት ካገኙ አንድ ዓመት የሞላዎት ከሆነ የግሪን ካርዱን ማመልከቻ ጉዳይ ዛሬውኑ ከጠበቃ ጋር ይነጋገሩበት።

ካውንቲው ጋ ያለው ጫና የሚታየው እዚህ ነው። ካርዱ የተዘጋበት ቤተሰብ መብላቱን አያቆምም። ወደ ምግብ ባንክ ይሄዳል። የምግብ ባንኮችን ከሚረዱት ውስጥ ካውንቲው አንዱ ነው። ፌዴራሉ የቆጠበው ብር በሌላ በር ካውንቲው ላይ ይመጣል ማለት ነው።

ኡበር ነው የምነዳው። ሜዲኬይዴን ለመያዝ መሥራቴን ማስረዳት አለብኝ?

ከ19 እስከ 64 ዓመት ከሆኑና ሜዲኬይዱን ያገኙት ገቢያቸው ዝቅ ላለ አዋቂዎች በተስፋፋው ክፍል ከሆነ፣ አዎ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራት፣ መማር ወይም የበጎ ፈቃድ ሥራ መሥራትዎን ማሳየት ይጠበቅብዎታል። ዕድሜው 13 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከባድ ሕመም ያለባቸው ነፃ ናቸው።

ለሹፌሮች አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ሰዓት ብቻ ሳይሆን ገቢም ይቆጠራል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 80 ሰዓት በፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በ7.25 ዶላር ሲባዛ 580 ዶላር ይመጣል። በወር ይህን ያህል ገቢ ካለዎት መስፈርቱን ያሟላሉ። ስለዚህ አፑ በየሳምንቱ የሚልክልዎትን የገቢ ማጠቃለያ አያጥፉት። ስልክዎ ላይ ፎልደር ከፍተው ያስቀምጡት። ወንድሜ በየእሁዱ ማታ ስክሪንሾት ያነሳል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የማጣሪያው ጊዜም አጥሯል። ለዚህኛው ክፍል ማደሻው በዓመት አንዴ የነበረው በስድስት ወር አንዴ ይሆናል። ለካውንቲው ሠራተኞች ያው ፋይል በዓመት ሁለቴ ይመጣል ማለት ነው። አድራሻ ቀይረው ካላሳወቁ ደግሞ ደብዳቤው አሮጌው ቤት ይደርስና እርስዎ ሳያውቁት ይዘጋል። እኔ ካየኋቸው ፋይሎች አብዛኞቹ የተዘጉት በዚህ ነው። ገቢ በዝቶ የተዘጋ ጥቂት ነው።

ከፌዴራል የሚመጣው ሁሉ ቅነሳ ነው እንዴ?

በጭራሽ። በማርች 2021 የወጣው የኮቪድ ማገገሚያ ሕግ ለካውንቲዎች ብቻ 65.1 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቷል፤ ብሩም በቀጥታ ነው የደረሳቸው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ 204 ሚሊዮን ገደማ፣ ፌርፋክስ 222 ሚሊዮን ገደማ አግኝተዋል። ያን ጊዜ የኪራይ እርዳታ ያገኘ ሰው፣ ሰፈሩ ድረስ መጥተው የከተቡት ሰው የዚህ ዓይነቱን ገንዘብ ፍሬ አይቷል።

ገንዘቡ ግን ቀነ ገደብ ነበረው። እስከ 2024 መጨረሻ በውል መታሰር፣ እስከ 2026 መጨረሻ ደግሞ ወጪ ሆኖ ማለቅ ነበረበት። አንዳንድ ቦታ በዚህ ገንዘብ ሰው ተቀጠረ፣ ፕሮግራም ተጀመረ። ብሩ ሲያልቅ ፕሮግራሙ አለ፣ ሰውም ለምዶታል፣ የሚከፍለው ግን የለም። በዕድር የገባን የአንድ ጊዜ ስጦታ የዘወትር ደሞዝ እንደማድረግ ነው። ካውንቲ ምክር ቤት ውስጥ «የአንድ ጊዜ ገንዘብ» የሚል ቃል ሲሰሙ ጆሮዎን ያቁሙ።

በኖቬምበር 2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግም አለ። በዚህ ውስጥ ለመንገድ ደኅንነት ተብሎ በአምስት ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል፤ ካውንቲዎች ራሳቸው አመልክተው ነው የሚያገኙት። እዚህ ላይ ግን ፕሮጀክት የሚጽፍ ሰው ያለው ካውንቲ ቀድሞ ይወስዳል። ትንሹና ደሃው ብዙ ጊዜ ይቀራል። ይህ ልክ አይመስለኝም።

መንገዴ በረዶ አልተጠረገም። የማን ጥፋት ነው?

እንደሚኖሩበት ቦታ ነው። ሞንትጎመሪ ውስጥ የሰፈሩን መንገድ ካውንቲው ይጠርጋል፤ ጆርጂያ አቬኑንና ኮልስቪል ሮድን ግን ስቴቱ። ፌርፋክስ ውስጥ መንገዱ ሁሉ ማለት ይቻላል የስቴቱ ነው። አርሊንግተን ካውንቲ የራሱን ራሱ ይይዛል።

የቤት ግብሬ ላይ ስለ ዝናብ ውሃ የሚል ክፍያ አለ። ዝናብም ይከፈልበታል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የሃምሳ ዓመት የኮንግረስ ሕግ በአንድ መስመር ላይ ስለሚታይ።

የንጹሕ ውሃ ሕግ የወጣው በ1972 ነው። በ1987 ሲሻሻል ከመንገድና ከጣሪያ ላይ ታጥቦ የሚሄደው የዝናብ ውሃም ሕጉ ውስጥ ገባ። ዘይቱ፣ ጨውና ቆሻሻው በቱቦ አድርጎ ወንዝ ይገባል፤ እኛ አካባቢ መጨረሻው የቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ነው። በሕጉ መሠረት ካውንቲው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃዱ ደግሞ «ይህን ያህል ቦታ አጣራ» ይለዋል። የፌዴራል መንግሥት ለዚያ በቂ ብር አይሰጥም። ስለዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግብሩ ላይ የውሃ ጥራት ጥበቃ የሚል ክፍያ ጨመረ። ክፍያው የሚሰላው ውሃ በማያሰርግ ቦታዎ ስፋት ነው፤ ጣሪያው፣ የመኪና መግቢያው፣ በሲሚንቶ የተሸፈነው ጓሮ።

አንድ ጓደኛዬ ጓሮውን በሙሉ ሲሚንቶ ሊያስደርግ አስቦ ነበር። ይህን ስነግረው ግማሹን ለጎመንና ለጤና አዳም ተወው። ዝናብ የሚያሰርግ አትክልት ቦታ ለሠራ ሰው ክፍያው የሚቀንስበት አሠራርም አለ። መጠየቅ ነው።

አማርኛ አስተርጓሚ የማግኘት መብቴ ቀረ ይባላል። እውነት ነው?

አልቀረም፤ ግን የተነካ ነገር አለ። መሠረቱ በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ድርጅት በትውልድ አገር ምክንያት ሰውን እንዳያገል ይከለክላል፤ ቋንቋም በዚህ ውስጥ እንደሚገባ ፍርድ ቤት ወስኗል። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህን የሚያጠናክር ትእዛዝ አወጡ። ማርች 1 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ነው ብለው ያንን ትእዛዝ ሻሩት። የ1964ቱን ሕግ ግን ትእዛዝ አይሽረውም።

ስለዚህ ዛሬ ጉዳዩ በአብዛኛው በካውንቲው ፈቃደኝነትና በአካባቢው ሕግ ላይ ወድቋል። ዲሲ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታ አማርኛን አካታለች። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የመረጃ ስልኩ 311 ላይ ደውለው «አማርኛ» ካሉ አስተርጓሚ ያገናኛል። ካውንቲው በጀት ሲጠበው ግን ትርጉም ቶሎ ከሚቆረጡት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። የማይጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ «ፈላጊ የለውም» ይባላል። እርስዎ እንግሊዝኛ ቢችሉም እንኳ ስለ እናትዎ ጉዳይ ካውንቲው ጋ ሲደውሉ በአማርኛ ያስመዝግቧቸው።

ምርጫ ላይ ሌላ ነው። የፌዴራሉ የምርጫ ሕግ በትርጉም እንዲቀርቡ የሚያስገድደው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ብቻ ነው። አማርኛ የለበትም። የአማርኛ የምርጫ ወረቀት ያዩበት ቦታ ካለ በአካባቢው ውሳኔ የመጣ ነው።

ካውንቲው ከኢሚግሬሽን ጋር እንዲሠራ ሕግ ያስገድደዋል?

በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ የአካባቢ ፖሊስ የኢሚግሬሽን ሥራ እንዲሠራ ስምምነት መፈራረም ያስችላል። ያስችላል እንጂ አያስገድድም። ስቴቱ ግን የራሱን ሕግ አውጥቶ ሊከለክል ወይም ሊያዝ ይችላል። የግል ጉዳይ ካለዎት ከወሬ ሳይሆን ከጠበቃ ይስሙ።

የፌዴራል መንግሥት ሲዘጋ ካውንቲውም ይዘጋል?

አይዘጋም። ትምህርት ቤቱ፣ ቆሻሻ አንሺው፣ አምቡላንሱ ይሠራሉ። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 መንግሥት ለ43 ቀን ሲዘጋ ግን የኖቬምበር ፉድ ስታምፕ ተስተጓጎለ፤ በርካታ ካውንቲዎች ከራሳቸው ካዝና ለምግብ ባንኮች አወጡ። ደሞዝ የቀረበት የፌዴራል ሠራተኛም እዚሁ ነው የሚኖረው። ሜሪላንድ ውስጥ ካውንቲው ከነዋሪው የገቢ ግብር ድርሻ አለው፤ ስለዚህ የነዋሪው ደሞዝ ሲቀር እሱንም ይነካዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ የገቢ ግብር ስለማይሰበስብ በቤት ግብር ላይ ይበልጥ ይደገፋል።

ድምፄን የት ላሰማ? መቼ?

ጊዜው ከሁሉም ይበልጣል። የካውንቲው የበጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው፤ የፌዴራሉ ኦክቶበር 1። ካውንቲው ከላይ የሚመጣውን ሳያውቅ በጀቱን ይወስናል ማለት ነው።

ሞንትጎመሪ ውስጥ የካውንቲው አስተዳዳሪ በጀቱን እስከ ማርች 15 ለምክር ቤቱ ይልካል። ኤፕሪል ላይ ሕዝብ ይሰማል። እስከ ጁን 1 ይጸድቃል። ፌርፋክስም ኤፕሪል ላይ ሕዝብ ሰምቶ ሜይ ላይ ያጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ ሄዶ ማልቀስ ብዙም አይረዳም።

መናገሪያው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለ ኮንግረስ ንግግር አያድርጉ፤ ምክር ቤቱ እሱን መለወጥ አይችልም። የሚችለውን ይጠይቁ፤ ለምግብ ባንኩ፣ ለአስተርጓሚው፣ ፎርም ለሚሞላው ሠራተኛ ገንዘብ እንዲመደብ። ያቺ ጎረቤቴ ባለፈው ኤፕሪል ሄዳ ነበር። ደብዳቤውን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ይህን ለመረዳት ሦስት ቀንና አንድ ጎረቤት ፈጅቶብኛል። ጎረቤት የሌለው ሰውስ?» አለች። በአማርኛ ነው የተናገረችው። ለመናገር ስትመዘገብ አስተርጓሚ እንደምትፈልግ አስቀድማ አስታውቃ ስለነበር፣ ቀርቦላት ነበር።